ሌላኛው ላፋዬት

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ ልጆቻችን፦ እንደምን አመሻችሁ!

ስለ ቅዳሜ ትምህርት ቤታችን የዓመቱ ሥራ እንድናገር ነበር የተጠየቅሁት። እሱንም እናገራለሁ። በፊት ግን የሚያንገበግበኝ ነገር አለ።

ላፋዬት ፓርክን የማያውቅ አለ? በብርድ በዝናብ ባንዲራችንን ይዘን፣ ዋይት ሐውስ ፊት ለፊት የጮህንበት ሜዳ ነው። መሐሉ ላይ ፈረስ የተቀመጠው ሰውዬ ላፋዬት አይደለም፤ የቀድሞው ፕሬዝዳንት አንድሩ ጃክሰን ነው። የላፋዬት ሐውልት ጥጉ ላይ ቆሟል። በ19 ዓመቱ ከፈረንሳይ መጥቶ ለአሜሪካ ነፃነት የተዋጋ የመኳንንት ልጅ። ከተሞች በስሙ ተጠርተዋል፦ ሉዊዚያና ላፋዬት አለ፣ ኢንዲያና ላፋዬት አለ፣ ሰሜን ካሮላይና ፌየትቪል አለ። ይገባዋል፤ አልከፋኝም።

ግን ይህንኑ ስም የያዘ ሌላ ሰው ነበር። እዚሁ፣ እኛ በምንኖርባት ቨርጂኒያ። ጄምስ ይባላል። ጥቁር ነው፤ በባርነት የተያዘ። በፈረንጆቹ 1781 ጌታውን አስፈቅዶ ላፋዬት ጋ ገባ። እንግሊዞች ሰፈር ውስጥ አሽከር መስሎ እየገባ ምስጢራቸውን ያመጣ ነበር። የእንግሊዙ ጄኔራል ኮርንዋሊስ የራሱ ሰላይ መስሎት ነበር! ጦርነቱ አለቀ፣ አሜሪካ ነፃ ወጣች። ጄምስስ? ተመልሶ ባሪያ! ሕጉ ነፃ የሚያወጣው በጌታው ምትክ ወታደር ሆኖ የዘመተውን ነው፤ ሰላይን አይጨምርም። ላፋዬት ራሱ የምስክር ወረቀት ጻፈለት። ያም ሆኖ ነፃ የወጣው በ1787 ነው። ከዚያ በኋላ ጄምስ ላፋዬት ተባለ። በ1824 ላፋዬት አርጅቶ ሪችመንድ ሲመጣ፣ ከሕዝቡ መሐል ለይቶ አወቀው። አቀፈውም።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስለ ላፋዬት ወረቀት ይዞ መጣ። ሁለት ገጽ ሙሉ። ጄምስ አንድ መስመር እንኳ የለውም! ጥቁር ልጅ ቁጭ ብሎ ስለ ቨርጂኒያ ሲማር፣ ይህን ሰው እንዴት ይደብቁታል? እነሱ ካልነገሩልን እኛ እንነግራቸዋለን! በአማርኛ እንነግራቸዋለን!

የዓመቱ ሥራ መልካም ነበር። ፊደል የጨረሱ ልጆች ሠርተፍኬታቸውን አሁን ይወስዳሉ። መምህራኖቻችንን እግዚአብሔር ይስጥልን።

የፊታችን ቅዳሜ ልጆቹን ላፋዬት ፓርክ እንወስዳለን። ከዚህ በር ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንነሳለን። ምሳ ቋጥራችሁላቸው ኑ። ጥጉ ላይ ካለው ሐውልት ሥር ሆኜ የጄምስን ታሪክ እኔ እነግራቸዋለሁ።

አመሰግናለሁ።