አምፑን ልቀይር ወይስ ቡፌውን?

እሷ፦ ጤና ይስጥልን፣ እንደምን ሰነበታችሁ! ከደብረ ብርሃን ነን፤ ብርዱም እንዳለ ነው። ጋሼ፣ ዛሬ የራሴን ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት። የሸክላዬን ድምፅ የሚያጎላውን አምፕሊፋየሬን፣ ያው አምፔን፣ ልቀይር ነው።

እሱ፦ ምን ሆነብሽ? ተቃጠለ?

እሷ፦ ኧረ ደህና ነው! ባለ ቲዩብ ነው፣ እንደ አምፖል የሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች ያሉት፤ ኢኤል84 የሚባሉ አራት አሉት፣ በየጎኑ 12 ዋት ያወጣል። ግን አዲስ አበባ አንድ ወዳጄ ቤት ባለ 300ቢ ቲዩብ አምፕ ሰማሁና ልቤ ሸፈተ። የድሮ የክራር ሸክላ አጫወተልኝ። ጣቱ ክሩን ለቆ ሲነሳ ሁሉ ይሰማል እኮ!

እሱ፦ ስፒከሩስ ምን ዓይነት ነበር?

እሷ፦ እኔ የማወራው ስለ አምፑ ነው። ስፒከሮቹ ትልልቅ ናቸው፣ ቁመታቸው ደረቴ ድረስ፤ አፋቸው ጡሩምባ ነው።

እሱ፦ በይ እዚያ ላይ እንቁም። 300ቢ የዌስተርን ኤሌክትሪክ ቲዩብ ነው፤ በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ለሲኒማ ቤት አምፕሊፋየር የገባ። ብቻውን ሲሠራ የሚያወጣው 8 ዋት አካባቢ ነው። በዚያች ዋት አዳራሽ የሚሞላው ታዲያ በስፒከሮቹ ነው፤ ባለ ጡሩምባ ስለነበሩ በትንሽ ዋት ይጮሃሉ። ያንቺ ስፒከር ጀርባው ላይ ምን ይላል?

እሷ፦ 86 ዲሲቤል።

እሱ፦ ዲሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው፤ በ1 ዋት፣ 1 ሜትር ላይ 86 ይደርሳል ማለት ነው። የወዳጅሽ 94 ነው እንበል። በእሱ ስፒከር 8 ዋት የሚሰጥሽን ድምፅ ባንቺው ለማግኘት 50 ዋት ያስፈልግሻል። አንቺ ደግሞ ከ12 ወደ 8 ልትወርጂ፣ ያውም ብር ጨምረሽ!

እሷ፦ ከ12 ወደ 8 ያን ያህል ያስታውቃል?

እሱ፦ እውነቱን ልንገርሽ፣ ብዙም አያስታውቅም። ዋት በእጥፍ ሲጨምር የሚገኘው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው፤ ከ12 ወደ 8 ደግሞ 2 አይሞላም። ግን አሁን ያለሽ 12ቱም ለዚያ ስፒከር ጠባብ ነው። ድምፅ ከፍ አድርገሽ ከበሮ ሲመታ ታፍኖ አይሰማሽም?

እሷ፦ ይሰማኛል። ግን ያ ሙቀቱ፣ ለስለስ የሚለው ነገር... እሱ በዋት አይለካም።

እሱ፦ በዋት አይለካም እንጂ ይለካል። ሙቀት የምትይው መዛባት ነው። እንደዚያ ያለ አምፕ ሁለተኛ ሃርሞኒክ ይጨምራል፤ ከዋናው ኖታ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ድምፅ ነው፣ ስለሚስማማ ጆሮ አይጎረብጥም። ነውር የለውም፣ እኔም እወደዋለሁ። ብቻ ምን እንደምትገዢ አውቀሽ ግዢ።

እሷ፦ (ሳቅ) ደስታዬን አበላሹብኝ።

እሱ፦ ገና መቼ ጀመርኩ! አምፑ የት ነው የተቀመጠው?

እሷ፦ ቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር። እናቴ ደግሞ ዳንቴል አልብሳዋለች።

እሱ፦ ቲዩብ ላይ ዳንቴል?!

እሷ፦ ቲዩቡ ላይ አይደለም፤ የብረት ወንፊት ሽፋን አለው አይደል፣ እሱ ላይ።

እሱ፦ እሱ እኮ መተንፈሻው ነው! እኛ ያለነው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት ቶሎ አያነሳም። ሰው «እዚህ ብርድ ነው፣ ዕቃ አይግልም» ይላል። ቡፌ ውስጥ ምን ብርድ አለ? ካፓሲተሮቹ፣ እነዚያ ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት፣ በሙቀት ይደርቃሉ። ዛሬውኑ አውጥተሽ ቡፌው ላይ አስቀምጪው፤ በላዩ ምንም ነገር እንዳይኖር።

እሷ፦ ለእናቴ እርስዎ ያስረዱልኝ።

እሱ፦ መብራቱስ? ማታ ማታ ስንት ቮልት ይደርሳችኋል?

እሷ፦ ሰፈሩ ምጣድ ሲሰካማ አምፖሉ ይደበዝዛል። አንድ ማታ ለክተን 180 አግኝተናል።

እሱ፦ በይ ስሌቱን እይው። የኢኤል84 ማሞቂያ ክር የሚፈልገው 6.3 ቮልት ነው፤ ከዚያ 10 በመቶ ያህል ቢወጣ ቢወርድ ይችላል። 220 መሆን ያለበት 180 ሲሆን ግን ክሩ ጋ የሚደርሰው 5.1 ገደማ ነው። ድምፁ ይልፈሰፈሳል፣ የቲዩቡም ዕድሜ ያጥራል። አንቺ ሸክላ የምትሰሚው መቼ ነው?

እሷ፦ ማታ።

እሱ፦ አየሽ! አምፑን ሥራ በከበደበት ሰዓት ነው የምትፈርጂበት። ሌላ ብታመጪም ያንኑ 180 ነው የምታበይው።

እሷ፦ እሺ፣ ስታቢላይዘር ልግዛ ማለት ነው።

እሱ፦ እሱ ይቅደም። ቀጥሎ ቲዩብ ለሚያውቅ ባለሙያ አሳዪው፤ ያረጁ ካፓሲተሮች ካሉ ይቀይር፣ ቲዩቦቹን ይለካ። ኢኤል84 ዛሬም ስሎቫኪያና ሩሲያ ይመረታል፣ ያለቀበት አይደለም። ራስሽ ግን እንዳትከፍቺው። ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ላይ ከ300 ቮልት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ይህን ስል አልቀልድም።

እሷ፦ ክፍሉስ? ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ ነው።

እሱ፦ የመንዝ ባና የላችሁም?

እሷ፦ የአያቴ አለ፣ ሣጥን ውስጥ።

እሱ፦ ከስፒከሮቹ ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ ስቀይው። ወፍራም ሱፍ ነው፣ ቀጫጭኑን ድምፅ ውጦ ያስቀረዋል። ባሱን አያስታግስም፤ ለእሱ ስፒከሮቹን ከጥግ አርቂ።

እሷ፦ ይህን ሁሉ አደረግኩ እንበል። አሁንም 300ቢ ካማረኝስ?

እሱ፦ ያኔ መጀመሪያ ስፒከር ቀይሪ፣ አምፑ ይደርሳል። ወይ የወዳጅሽን አምፕ ተዋሺና በራስሽ ስፒከር፣ በራስሽ ክፍል ስሚው። ብቻ ስፒከር ሳታገናኚ እንዳታበሪው፤ የመውጫ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል፣ እሱ ደግሞ ከውስጡ ውድ ከሚባሉት ነው።

እሷ፦ አያውሰኝም። አቧራውን እንኳ ሌላ ሰው እንዲጠርግለት አይፈቅድም።

እሱ፦ እንግዲያው ስፒከርሽን ጭነሽ ሂጂ፤ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት።