የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ዙም ስናደርግ ካሜራው ምን ይከተል?

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ የአኒሜሽን ተማሪዎች፤ እንኳን በደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ጠባብ ነው፤ ብዙ ሥራ ሲያበላሽ ስለማየው ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። የሚሮጥ ወይም የሚበር ነገር ላይ ዙም ስናደርግ ምስሉ ለምን ይረበሻል? ብዙ ጊዜ በፕሮግራሙ ወይም በኮምፒውተሩ አቅም ይመካኛል። ምክንያቱ ግን ተራ ስሌት ነው፤ ዙም ከምስሉ ጋር እንቅስቃሴውንም ያባዛል።

አንድ ወፍ በየፍሬሙ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ነጠላ ሥዕል፣ 5 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ይጓዛል እንበል። ምስሉን 4 እጥፍ ስናጎላው ያው ወፍ በየፍሬሙ 20 ፒክስል ይጓዛል። በሰከንድ 24 ፍሬም ከሠራን 480 ፒክስል ማለት ነው፤ 1920 ፒክስል ስፋት ያለውን ምስል በ4 ሰከንድ አቋርጦ ይወጣል። ይህን ለማዳን ወፉን እያሳደዱ በየጥቂት ፍሬሙ የካሜራውን ቦታ በእጅ ማስተካከል የተለመደ ነው። አያዋጣም። በእጅ የገባች የ1 ፒክስል ስህተት 4 ሆና ትታያለች፤ መንቀጥቀጡም ከዚያ ይመጣል።

እኔ የምለው፣ መከተልና ማጉላት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ ለሁለት ይሰጡ ነው። ብሌንደርና አፍተር ኢፌክትስ በተባሉት የአኒሜሽን ፕሮግራሞች ቦታ ብቻ ያለው፣ በመጨረሻው ምስል ላይ የማይታይ ነገር መፍጠር ይቻላል። መከተሉን ለእርሱ ስጡት፣ መከተያ እንበለው፤ ካሜራውን ከእርሱ ጋር እሰሩት፤ ዙሙን ካሜራው ላይ ብቻ ሥሩት። ጥልቀት ለሌለው ጠፍጣፋ (ቱዲ) ሥዕልም ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ መጀመሪያ ወፉ ወደ ፍሬሙ መሐል ይመጣል፣ ከዚያ ምስሉ ይጎላል። ካጎላችሁ በኋላ የምታንቀሳቅሱት ከሆነ የምታንቀሳቅሱበት ርቀትም በማጉያው ቁጥር መባዛት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ወፉ ክንፉን ባራገበ ቁጥር አካሉ ከፍና ዝቅ ይላል። ካሜራው ይህን ሁሉ ከተከተለ ወፉ እንደተቸነከረ ይቀራል፣ በምትኩ ሰማዩና ተራራው ይዘላሉ። መከተያው የወፉን አካል ሳይሆን የጉዞውን የለሰለሰ መስመር ይከተል። ጥቂት ፍሬም ዘግይቶ ቢደርስም አይከፋም፤ ዓይን ሕይወት ያለው ካሜራ ያየ ይመስለዋል። ከወፉ ፊት ለፊት ደግሞ ክፍት ቦታ ተዉለት።

ቀጥሎ የዙሙ ፍጥነት አለ፤ ይህ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። ምስሉን በ7 ሰከንድ ከ1 ወደ 8 እጥፍ በእኩል ጭማሪ ብታሳድጉት፣ በመጀመሪያው ሰከንድ ከ1 ወደ 2 ይደርሳል፤ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በመጨረሻው ሰከንድ ከ7 ወደ 8 ሲሄድ የሚያድገው 14 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ተመልካቹ በድንገት ተወርውሮ ኋላ የታሰረ ይመስለዋል፤ ዓይን የሚለካው ጭማሪውን ሳይሆን ስንት እጥፍ እንደሆነ ነውና። ስለዚህ በእኩል ጊዜ በእኩል እጥፍ አሳድጉ፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8። አፍተር ኢፌክትስ ለዚህ ኤክስፖኔንሻል ስኬል የሚባል ትእዛዝ አለው። ንድፍ አውጪዎቹ ቻርልስና ሬይ ኢምስ በ1977 ባወጡት ፓወርስ ኦፍ ቴን በተባለው አጭር ፊልም የሚታየው ስፋት በየ10 ሰከንዱ 10 እጥፍ ይሰፋል፤ ጉዞው ያለ መንገጫገጭ የሚፈሰውም በዚህ ነው። አጀማመሩንና አጨራረሱን ማለስለስ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

ወፉ ወደ ካሜራው የሚመጣ ከሆነ ዙም ሳናደርግም ይተልቃል። መጠኑ እንዳይለወጥ ከፈለጋችሁ የሌንሱን የትኩረት ርቀት (ፎካል ሌንግዝ፣ ሌንሱ ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነውን ቁጥር) ከወፉ ርቀት ጋር እኩል ቀንሱ፤ ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር 50 ሚሊ ሜትር የነበረው 25 ይሁን። ወፉ ባለበት መጠን ይቆያል፤ ዳራው ግን እየራቀ የሚሄድ ይመስላል።

በፒክስል የተሠራ ሥዕል 1920 ፒክስል ስፋት ባለው ምስል ውስጥ 4 እጥፍ የሚጎላ ከሆነ ከመጀመሪያው 7680 ፒክስል ስፋት ይኑረው፤ አለዚያ ይደበዝዛል።

ስትጨርሱ ዳራውን ደብቁና ወፉ በፍሬሙ ውስጥ የሚሄድበትን መስመር ብቻ ተመልከቱ። ከዚያ ወፉን ደብቁና ዳራውን ብቻ እዩ። ከሁለቱ በአንዱ መንቀጥቀጥ ካያችሁ ዙሙን ሳትነኩ መከተያውን አስተካክሉ።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።