15 የስራ ቀን ነበረን፦ የዘንድሮው ጠቅላላ ጉባኤ መክፈቻ ንግግር

እንደምን አደራችሁ! ውድ የዲጂታል መብት ማህበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣ በተለይ ከክልል ሌሊት ተነስታችሁ የመጣችሁ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን በነጻ የሰጡንን እናመሰግናለን፣ የኦዲት ሪፖርቱ ከሻይ በኋላ ነው፣ ምርጫው ከሰአት። የስራ ሪፖርቱ እጃችሁ ላይ ስላለ አላነብላችሁም። ባጭሩ ሁለት ስልጠና ሰጥተናል፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁን፣ 1321/2016ን፣ በቀላል አማርኛና በኦሮምኛ አዘጋጅተን በትነናል። አንድ ስልጠና ላይ አንዲት እናት ተነስተው "እና መታወቂያዬን ፎቶ ኮፒ አድርገው ሲያስቀሩብኝ ለምን እንደሆነ መጠየቅ እችላለሁ ማለት ነው?" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ እውነት ለመናገር ያን ቀን በዚህ ማህበር በጣም ኮርቻለሁ።

ግን ዛሬ የማወራው አመቱን ሙሉ ስላንገበገበኝ ነገር ነው።

ታስታውሳላችሁ፣ አንድ መስሪያ ቤት አገልግሎት ለማግኘት የጣት አሻራ ማረጋገጫ ግዴታ የሚያደርግ ረቂቅ መመሪያ ለአስተያየት አውጥቶ ነበር። አዋጅ ሲጸድቅ ዜና ይሆናል፣ ሁሉም ያወራዋል፣ መመሪያ ግን ድምጹን አጥፍቶ ነው የሚወጣው፣ መስኮት ላይ ያለችው ሰራተኛ ደሞ የምትሰራው በመመሪያው ነው። ለዚህ እኮ ነው የፌዴራል አስተዳደር ስነ ስርአት አዋጅ 1183/2012 ማንኛውም መስሪያ ቤት መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ይፋ አድርጎ ቢያንስ 15 የስራ ቀን አስተያየት ይቀበል የሚለው። ህገ መንግስቱም አንቀጽ 43 ላይ በሚመለከተን ፖሊሲ ሀሳባችንን እንድንጠየቅ መብት ሰጥቶናል። ማንም በችሮታ የሚሰጠን ነገር አይደለም።

በዛው ሰሞን ሽሮ ሜዳ ከሚኖሩ አንድ ሸማኔ አባት ጋር ጉዳይ ለማስፈጸም አብሬያቸው ሄጄ ነበር። እድሜ ልካቸውን ክር ሲጎትቱ የኖሩ ሰው ናቸው፣ የጣታቸው አሻራ ለስልሶ አልቋል። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ በሶፍት ጠረገችላቸው፣ አልሆነም፣ በሌላኛው ጣት ሞከረች፣ ማሽኑ እንቢ አለ። "አባባ፣ ነገ ይምጡ" አለቻቸው። ክፋት የለባትም፣ ምን ማድረግ እንዳለባት የሚነግራት ነገር አልነበራትም። አባባ እጃቸውን አገላብጠው አዩትና ጥፋት እንዳጠፋ ሰው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

ለፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ስንመዘገብ እኮ የሰጠነው ጣት ብቻ አይደለም፣ አይናችንንም ፊታችንንም ሰጥተናል። ስለዚህ እኛ ማስገባት የነበረብን አንድ አረፍተ ነገር ነበር፣ "አሻራው ያልተነበበለት ሰው በሌላ መንገድ ተረጋግጦ በዛው ቀን ይስተናገዳል" የምትል። ዘጠኝ ሰው ያለበት ኮሚቴ አቋቋምን፣ የመጡት ሁለት ናቸው። ረቂቁን ግሩፓችን ላይ ለጠፍኩት፣ ላይክ አገኘ። በዛው ሳምንት ስለ ቲሸርቱ ቀለም ከመቶ በላይ መልእክት ተጻፈ። በአስረኛው ቀን በየስማችሁ በውስጥ መስመር ጻፍኩላችሁ፣ "እሺ ነገ" አላችሁኝ። በመጨረሻው ቀን ከሰአት እኔና ጸሀፊያችን ሁለት ገጽ ሞነጫጭረን አስገባን፣ የህግ ሰው አላየውም፣ ተባባሪ ፊርማ የለውም። መመሪያው ወጣ፣ ያቺ አረፍተ ነገር የለችበትም።

"ቢጻፍስ ማን ያነበዋል?" ትሉኛላችሁ፣ አውቃለሁ። ስብሰባ ተጠርተን የተናገርነው ቃለ ጉባኤ ላይ እንኳን ሳይሰፍር የቀረበትን ጊዜ አልረሳሁትም፣ የፈራ ሰው ላይም አልፈርድም። ግን በደንብ ጽፈን አስገብተን ቢሆን ኖሮ ዛሬ "ለምን ጣላችሁት?" ብለን በር እናንኳኳ ነበር፣ አሁን ምን ይዘን ነው የምንሄደው? ይሄ ማህበር እኮ የተጠነሰሰው ሰኔ 2012 ኢንተርኔት ለሶስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ በስልክ ተጠራርተን፣ ቡና ላይ ቁጭ ብለን ነው። ያኔ ማናችንም "እሺ ነገ" አላልንም። ሲዘጋብን ብቻ ነው እንዴ መብት ትዝ የሚለን?

የህግ ኮሚቴያችን ሰብሳቢ፣ ወንድሜ፣ ዛሬም አልመጣህም። ቪዲዮውን እንደምታየው አውቃለሁ። ስራ እንደሚበዛብህ፣ ልጅ እንደምታሳድግ ይገባኛል፣ ግን ካንተ የምፈልገው በአመት ሶስት ማታ ነው፣ ካልቻልክ ደሞ ንገረኝና ቦታውን ለሚችል እንስጠው፣ አልቀየምህም። መዋጮ ከፍላችሁ ለጠፋችሁትም ይሄው ነው፣ ብሩን እናመሰግናለን፣ ግን ብር ረቂቅ አያነብም።

የመረጃ ጥበቃ አዋጁን ተከትለው የሚመጡ መመሪያዎች ይኖራሉ፣ መረጃችን ማን ጋር እንደሚሄድ የሚወሰነው እዛ ውስጥ ነው። በሩ ጋር ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አለ፣ ረቂቅ በወጣ በሁለት ቀን ውስጥ አንብቦ አስተያየቱን በጽሁፍ የሚሰጥ ሰው የሚመዘገብበት። ለምሳ ከመውጣታችን በፊት ሰባት ስም እፈልጋለሁ፣ ሁለቱ ህግ የተማሩ ይሁኑ። የኔንና የጸሀፊያችንን ጽፌዋለሁ፣ አምስት ይቀራል።