የጣት እንቅስቃሴ ባለቤት አለው?

ደረጀ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን፤ ከባሕር ዳር ነን። ሰላም፣ ስልክሽ ላይ ዝርዝር ስትስቢ መጨረሻው ላይ ትንሽ አልፎ የሚመለሰውን ታውቂዋለሽ?

ሰላም፦ ማለቁን የሚነግረኝን?

ደረጀ፦ እሱን። የአፕል ፓተንት ነው፤ ያለ ፈቃዱ ሌላ የማይጠቀምበት የፈጠራ መብት ማለት ነው። በአውሮፓውያን 2012 ሳምሰንግ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ካሊፎርኒያ ላይ ሲወሰንበት፣ ተጣሱ ከተባሉት አንዱ ነበር። ገንዘቡ በኋላ በክርክር ቀነሰ።

ሰላም፦ እኔ ይኼ ፓተንት ሊሰጠው አይገባም ባይ ነኝ። ጣና ዳር ዓሣ ስገዛ ሻጩ እጁ ቅርፊት በቅርፊት ስለነበር ስልኩን በጣቱ አንጓ ገፋ ገፋ አድርጎ የባንኩን መተግበሪያ ከፈተ፤ ብሩ መግባቱን አይቶ ዓሣውን ጠቀለለልኝ። ማንም አላሠለጠነውም። አንዱ ላይ የለመደው ሌላው ላይ ሠራለት። እያንዳንዱ ባንክ የየራሱን አነካክ በሕግ ቢያጥር፣ ይኼ ሰው በየመተግበሪያው እንደ አዲስ ሊማር ነው።

ደረጀ፦ መጀመሪያ ያሰበውስ? እኔ መተግበሪያ ስነድፍ ስክሪኑ ላይ የአንድ ቁልፍ ቦታ ለመምረጥ ሌሊቱ ይነጋብኛል። ሲያልቅ ቀላል ስለሚመስል ማንም ይውሰደው?

ሰላም፦ መጀመሪያ ያሰበው ማን እንደሆነ መለየቱ ራሱ ጣጣ ነው። አንሸራትቶ መክፈትን ውሰድ። አፕል አሜሪካ ውስጥ ሳምሰንግን ረታበት። የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በአውሮፓውያን 2015 ፓተንቱን ውድቅ አደረገው፤ ኒዮኖድ የሚባል የስዊድን ኩባንያ አይፎን ሳይወጣ በፊት ስልኩን በማንሸራተት ያስከፍት ነበርና።

ደረጀ፦ የእኛ ሕግስ?

ሰላም፦ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የኮምፒውተር ፕሮግራም ፓተንት አይሰጠውም ይላል። ኮዱን የቅጂ መብት ይጠብቀዋል። ለዕቃ የተለየ መልክ የሚሰጥ የመስመርና የቀለም ቅንብር ደግሞ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ተብሎ ለ5 ዓመት ይመዘገባል፤ እየታደሰ እስከ 15 ይደርሳል። የስክሪን መልክም እዚያ ውስጥ ቢገባ ደስ ይለኛል።

ደረጀ፦ 15 ዓመት! ስልኩም ሠሪውም የት ይገኛሉ? ለእንቅስቃሴው 3 ዓመት ብቻ ይሰጠኝ፣ ይበቃኛል።

ሰላም፦ አንተ 3 ዓመት ስታገኝ ትልልቆቹም ያገኛሉ። ጠበቃ ያላቸው እነሱ ናቸው። እዚህ አንድ ክፍል ተከራይተው የሚሠሩ ልጆች ክስ ቢደርሳቸው መልስ ሳያቀርቡ ይዘጋሉ።

ደረጀ፦ እሱን አልክድም። ግን ሥራዬን ገልብጠው ሲሸጡት ዝም ልበል?

ሰላም፦ ለምን ዝም ትላለህ? መልኩን አስመዝግብና ክሰስ። ማንሸራተቱን ግን ተውልን።