ድሮስ ይሠራ አልነበር?

እሺ… ሰላም ናችሁ። ዛሬ ላወራ ያሰብኩት ስለ ሌላ ነገር ነበር። ግን የማክሰኞው ማታ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። እትዬ ነች፤ አዎ፣ እትዬ የምንላት ያቺው ዴስክቶፓችን።

ኡቡንቱ 22.04 የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ነው ያላት፣ ከርነሏ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ 5.15። አዲሱን የዋይፋይ ካርድ ጭራሽ አላወቀችውም። ሃርድዌሩን የሚያናግረው ከርነሉ ነው፤ ሾፌሩ፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ከሌለው ካርዱ ዝም ብሎ ቁራጭ ብረት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አዲስ ከርነል ሳማርጥ ሰነበትኩ። ከሁሉም አዲሱን ሜይንላይኑን፣ ኡቡንቱ የራሱን ማስተካከያ ያልጨመረበትን፣ ልጭን ነበር፤ ግን ፊርማ ስለሌለው ሴኪዩር ቡት፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ፊርማ የሚያየው ጥበቃ፣ አይቀበለውም፣ የኡቡንቱ የደኅንነት ማስተካከያም አይመጣለትም። ስለዚህ ኡቡንቱ ራሱ ለ22.04 ያዘጋጀውን 6.8 ያዝኩ። ምርጫው ላይ አሁንም አልጸጸትም።

ስጭን ግን ሰማዩን ቀና ብዬ አላየሁም። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ በጅሬን በኩል ጥቁር ካለ መብራቱን አትመኑት። ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባለው፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲስኩን የሚያገኝበት ፋይል አለ አይደል? እሱ በቅጡ ዲስኩ ላይ ሳይሰፍር ጭልም!

መብራት ሲመጣ አስነሳኋት። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ፣ ከርነል ፓኒክ፤ ከርነሉ መቀጠል አቅቶት ቀጥ አለ ማለት ነው። እህቴ ከኋላዬ ቆማለች። የመመረቂያ ጽሑፏ እዛ ውስጥ ነው። አልጮኸችም። የያዘችውን ስኒ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «ጋሽዬ፣ ድሮስ ይሠራ አልነበር?»

በቃ፣ ይቺን ብቻ።

ጽሑፏ እንዳልጠፋ እኔ አውቃለሁ። ግረብ ሜኑ ውስጥ ገባሁ፣ ሲነሳ ከርነል የሚመረጥበት ማለት ነው፣ የቆየው 5.15 እዛው ተቀምጧል። አዲሱ ሲጫን ኡቡንቱዎች የነበረውን ወዲያው አያጠፉትም፤ ይሄን ነገራቸውን በጣም ነው የምወድላቸው። በእሱ ተነስቼ ያቺን ፋይል እንደገና አሠራሁ፣ 6.8 ተነሳ፣ ዋይፋዩም ያዘ። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ግን እሷ ያንን ሃያ ደቂቃ እንዴት እንዳሳለፈችው… ፊቷን ዞር ብዬ አላየሁም።

ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲያደርግ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። የእህቴ እኩያ። ለምን ይሄ ትዝ እንዳለኝ እንጃ። ብቻ… ኮምፒውተሩ የሁለታችን ነው፣ እና አልጠየቅኳትም።

ትናንት ማታ ፍላሽ ሰክታ ጽሑፏን ስትገለብጥ አየኋት። ጥሩ ነው፣ ድሮም መገልበጥ ነበረባት። ግን የፈራችው መብራቱን ነው ወይስ እኔን? ልጠይቃት ነበር፣ ቡና አቀረበች፣ ዝም አልኩ። ምናልባት እሑድ…