ብስክሌቱ ይመለስ፦ በእድራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ሱቃችሁን ዘግታችሁ ከሩቅ ሰፈር የመጣችሁትን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በዓመቱ የሁለት ወንድሞቻችንን አስከሬን አገር ቤት ለወላጆቻቸው አድርሰናል፤ የታመመ ጠይቀናል። ዝርዝሩን ጸሐፊያችን ያነቡታል።

ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ግን የድንኳኑ ነገር ነው።

አምና ተጣልተውን የወጡት ወገኖቻችን ድንኳኑንና ብረት ድስቶቹን ይዘው ሄዱ። ለፋሲካ ሽማግሌ ገባ፣ ተሳሳምን፣ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ተባባልን። ድንኳኑ ግን አልተመለሰም። በነሐሴ ለቅሶ ሲደርስብን ለቀስተኛው በኬፕታውን ዝናብ ደጅ ቆሞ ዋለ።

በዚህችው ከተማ ማይክል ላፕስሊ የሚባሉ የአንግሊካን ቄስ አሉ። የኒውዚላንድ ተወላጅ ናቸው፤ በ1973 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለትምህርት ደርባን መጡ። አፓርታይድን በማውገዛቸው በ1976 ከአገር ተባረሩ፤ ሌሴቶ፣ ኋላም ዚምባብዌ ተሰደዱ። በ1990 ማንዴላ ከእስር ከወጡ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሐራሬ ላይ በፖስታ የመጣላቸውን የሃይማኖት መጽሔት ሲገልጡ ቦምብ ፈነዳባቸው። ሁለት እጃቸውንና አንድ ዓይናቸውን አጡ። ዛሬ ሰላም ሊላቸው እጁን የዘረጋ ሰው የሚጨብጠው ብረት ነው። እኚህ ሰው በ1998 እዚሁ ኬፕታውን የትዝታ ፈውስ ተቋምን መሠረቱ፤ የቆሰለ ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ የደረሰበትን የሚናገርበት፣ ሌላውም የሚሰማበት ቤት ነው።

ደጋግመው የሚያስተምሩት የብስክሌት ነገር አለ። አንዱ ብስክሌትህን ይሰርቅህና ከወራት በኋላ መጥቶ "የሰረቅሁህ እኔ ነኝ፣ ማረኝ" ይልሃል። ትምረዋለህ። እሱ ግን ብስክሌትህን ይዞ ይቀራል። እንዲህ ያለው ይቅርታ ጎደሎ ነው ይላሉ።

ይህን እንደሰማሁ ልቤ ወደ ድንኳኑ ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ በእነዚያ ሰዎች ላይ ስፈርድ ሰነበትኩ። አንድ ማታ ግን የሒሳብ መዝገቡን ገለጥኩ። የወጡት ሰዎች ስም በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል፤ ከጎኑ የዓመታት መዋጮአቸው ተጽፏል። አንዲት እናት ሰባት ዓመት አንድ ወር ሳታስተጓጉል ከፍላለች። ሲወጡ "ደንቡ አይፈቅድም" ብለን አንድ ራንድ አልመለስንላቸውም። ስማቸውን የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ብስክሌት እኛም ቤት አለ፣ ወገኖቼ!

በዚህ እንድንመክር ሦስት ጊዜ ጠራሁ፤ የመጣው ጥቂት ሰው ነው። "ለቅሶ ሲሆን ጥሩን" ብላችሁ ዛሬም የቀራችሁ፣ ይህን በስልክ የምትሰሙ፣ ባዶ ወንበራችሁን እያየሁ ስማችሁን ልጠራ ነበር፤ ተውኩት። ግን እወቁልኝ፤ ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ ደንቡን መለወጥ አንችልም። የዚያች እናት ገንዘብ የተያዘው በእናንተ መቅረት ነው።

የመጀመሪያው አጀንዳ መዋጮው ይሁን ብያለሁ። የእነሱን ከመለስን በኋላ ድንኳናችንን ለመጠየቅ አፍ ይኖረናል። ገንዘብ ያዣችን፣ መዝገቡን ይዘው ይምጡና የተሰረዙትን ስሞች አንድ በአንድ ያንብቡልን። እናንተም ስልካችሁን አውጡና የቀረውን ሰው ጥሩ፤ አዳራሹ እስከ ማታ የኛ ነው።