አይሱዙው ከመሸጡ በፊት

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ኮምቦልቻ፣ እቤታችን ሆኜ ነው። የመኪና ድምፅ ከሰማችሁ የአባዬ አይሱዙ ነው። የዛሬው ወሬም ስለ እሱ ነው።

ኮምቦልቻ ላደገ ልጅ አውሮፕላን ብርቁ አይደለም። የደሴ ሰው እንኳን ለመብረር ሐረጎን ወርዶ እኛ ጋ ነው የሚመጣው። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2010 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን እኔ 9 ዓመቴ ነበር። አባዬ በሬዲዮ ሰምቶ መጣና ነገረኝ። ያን ቀን ያደረብኝ አብራሪ የመሆን ፍላጎት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ በኋላ ወጪው በአሠሪ ለሚሸፈን የአብራሪነት ሥልጠና ተወዳደርኩ። በዚህ መንገድ ድርጅቱ ያሠለጥናችኋል፣ እናንተ ደግሞ ለዓመታት ልታገለግሉት ግዴታ ትፈርማላችሁ። ቃለ መጠይቁ ላይ ወደቅሁ። ብዙ አለቀስኩ። የቀረኝ በራስ ከፍሎ መማር ነበር።

አንድ እሑድ ቡና እየጠጣን አባዬ «አብሽሪ፣ አይሱዙውን እንሸጠዋለን» አለኝ። እማዬ ስኒዋን አስቀመጠች። ምንም አላለችም። ሦስት ልጆች የተማርነው በዚያ መኪና ነው። አባዬ ሌላ ሥራ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ ማስላት ጀመርኩ። ገንዘቡን የሚበላው የበረራ ሰዓት ነው። በዓለም አቀፉ ዝቅተኛ መስፈርት ለግል አብራሪ ፈቃድ 40 ሰዓት ያስፈልጋል። ተቀጥሮ ለመብረር የሚያበቃው የንግድ አብራሪ ፈቃድ 200 ሰዓት ይፈልጋል፣ እውቅና ባለው ተከታታይ ኮርስ ከሆነ 150። በእያንዳንዱ ሰዓት ውስጥ ነዳጅ አለ፣ የአስተማሪ ክፍያ አለ፣ የአውሮፕላኑ ጥገና አለ። መለዋወጫው የሚገዛው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብር ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ዛሬ የተነገራችሁ ዋጋ ኮርሱ እስኪያልቅ ይጸና እንደሆነ በጽሑፍ አስፈርሙ።

ፈቃዱን ማግኘት ደግሞ ሥራ ማግኘት አይደለም። በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ ለመብረርና ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ለማብረር ተጨማሪ ሥልጠና አለ። በምትቀጠሩበት የአውሮፕላን ዓይነት ላይም ለብቻው ትሠለጥናላችሁ፣ አብዛኛው በሲሙሌተር፣ መሬት ላይ ሆኖ በረራን በሚያስመስል ማሽን። ለካፒቴንነት የሚያበቃው ፈቃድ 1,500 ሰዓት ይጠይቃል። አባዬ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና «እና መኪናው የሚበቃው ለየትኛው ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

አንድ ማሠልጠኛ ጋ ደወልኩ። ቅድሚያ ክፍያ ጠየቁኝ። ስለ ጤና ምርመራ ግን አንድ ቃል አላነሱም። ይህ በጣም አናደደኝ። ምክንያቱም ለንግድ አብራሪነት የአንደኛ ደረጃ የሕክምና ማረጋገጫ የግድ ነው። ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብ፣ ቀለም መለየት፣ ሁሉም ይታያል። ሰው ጤነኛ ነኝ ብሎ እየኖረ እዚያ ሊወድቅ ይችላል። መኪናው ከተሸጠ በኋላ ብወድቅስ? የአባዬን እንጀራ ማን ይመልሳል? እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ሜዲካሉን ሳታልፉ ለማንም አምስት ሳንቲም አትክፈሉ። ቤት ወይም መሬት ለመሸጥ ያሰበ ወላጅ ካላችሁ ይህን አሰሙት።

ለአባዬ «መጀመሪያ እኔ በራሴ ገንዘብ ልመርመር፣ እስከዚያ መኪናው አይነካ» አልኩት። ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ከሥራ ጓደኞቼ ጋር እቁብ ገባሁ። በየወሩ ዕጣ ሲወጣ ልቤ ይመታ ነበር። ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ።

ቀጠሮዬ ማክሰኞ አዲስ አበባ ነው። ፈርቻለሁ፣ አልዋሻችሁም። የአውቶቡስ ትኬት ልቆርጥ ስወጣ አባዬ አስቆመኝ። ለካ ጭነት ይዟል፣ አዲስ አበባ የሚራገፍ። ሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት እንነሳለን፣ እኔ ጋቢና ከእሱ ጎን። አሁን የምትሰሙት ድምፅ እሱ ነው፣ ሞተሩን እየፈተሸ።